በረንዳ ላይ የሚወራው ወደ ስብሰባው እንዲገባ፦ በቡድን ለምትሠሩ

ስብሰባው አልቋል። ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው? አስተያየት?» ብለዋል፤ ማንም አልተናገረም፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ከዚያ ሰዉ ወደ በረንዳ ይወጣና ዋናው ወሬ ይጀመራል። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ በረንዳ ላይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ዳታ የምታስገባ ወጣት በዕድሜ የሚበልጧትን ባልደረባዋን ጠጋ አለችና፣

«ጋሼ፣ የዚያ ወረዳ ቁጥር እኮ ካለፈው ወር ጋር አንድ ነው። ምንም ሳይነኩ ገልብጠው ነው የላኩት» አለቻቸው።

«ታዲያ ውስጥ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ? በመጣሁ በስንት ቀኔ? ሰው ሁሉ ባለበት?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ይህ ቡድን ኮምፒውተር አለው፣ ኢንተርኔት አለው፣ የቴሌግራም ግሩፕም አለው። መረጃውም ነበረ፤ ልጅቷ ጋ ነበረ። የጠፋው ያንን መረጃ ከእሷ ወደ ጠረጴዛው የሚያሻግር ልማድ ነው። ማን ለማን ይናገራል? ማን ማንን ይጠይቃል? ምን ይጻፋል፣ ምን መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል? ስህተት አየሁ ያለ ሰውስ ምን ይደርስበታል? የመረጃ ባህል ስንል ይሄንን ሁሉ ነው። ቡድን ማንም ለብቻው ያላወቀውን ነገር የሚያውቀው አንዱ ጋ ያለው ቁራጭ ሌላው ጋ ካለው ጋር ሲገጥም ነው። እነዚህ ቁራጮች ካልተገናኙ አሥር ጎበዝ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ብታስቀምጡ ያው አሥር ጎበዝ ሰው ነው ያላችሁ፤ ቡድን የላችሁም።

ልማዱን እንዴት መቀየር እንደሚቻል ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። በጤና፣ በምርምር፣ በቱሪዝም፣ በማኅበር ተደራጅታችሁ ለምትሠሩ ሁሉ ይሆናል። ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰብሳቢው ትንሽ አፉን እንዲይዝ ነው፤ እሱ ነው ከባዱ።

መጥፎ ዜና በየት በኩል እንደሚመጣ እዩ

ሮን ዌስትረም የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በአቪዬሽንና በሕክምና ደህንነት ላይ ሲሠራ ድርጅቶችን በመረጃ አያያዛቸው በሦስት ከፍሏቸዋል። በአንደኛው ዓይነት መረጃ የሥልጣን መሣሪያ ነው፤ ይደበቃል፣ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣ ሰው ይመታል። በሁለተኛው ሁሉም ነገር በደንብና በመዋቅር ነው፤ ዜና ያመጣው ሰው አይመታም፣ ግን ሰሚም አያገኝም። በሦስተኛው መረጃ ይፈለጋል፣ ሰው ዜና ይዞ እንዲመጣ ይሠለጥናል፣ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱ ይመረመራል።

እኔ ከማየው ብዙዎቻችን ያለነው ሁለተኛው ላይ ነው። «በደብዳቤ ጠይቁ።» «በመዋቅሩ በኩል ይምጣ።» «የእኛ የሥራ ሂደት አይደለም።» ማንም አይጮህም፣ ማንም አይባረርም፣ ስለዚህ ሰላም ያለ ይመስላል። ከአንደኛው ይልቅ ለማስተካከል የሚያስቸግረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚያም ነገር ስለሌለ ማንም መድኃኒት አይፈልግም።

እናንተ የት እንዳላችሁ ለማወቅ ደብተር አውጡ። በቅርቡ በቡድናችሁ የደረሱ ሦስት ችግሮችን ጻፉ። ለእያንዳንዱ፣ ችግሩን መጀመሪያ ያወቀው ማን ነበር? ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ስንት ቀን ቆይቶ አወቀ? የነገረውስ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? መልሱ «ከውጭ ሰው ነው የሰማነው» ከሆነ፣ ማለትም ኦዲተር ወይ ተገልጋይ ወይ ለጋሽ ነግሯችሁ ከሆነ፣ ውስጣችሁ የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ትቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ኤሚ ኤድመንድሰን የሃርቫርድ ተመራማሪ ናት። በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ጥሩ የሚሠሩት የነርስ ቡድኖች ብዙ ስህተት የተመዘገበባቸው ሆነው አገኘቻቸው። ግራ የሚያጋባ ነው። ነገሩ ሲጣራ ስህተቱን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው ቁጥራቸው ከፍ ያለው። ስለዚህ ይህን ነገር መሥራት ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚታየው የችግር መብዛት ነው። አትደንግጡ። የበላይ አለቃ ካላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ ወሩ ሳያልቅ «ድሮ እንዲህ አልነበራችሁም» ተብላችሁ ነገሩ ይዘጋል።

ሰብሳቢ ከሆናችሁ መጨረሻ ላይ ተናገሩ

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ የሚናገር ትንሽ ሰው የለም። ቢናገርም «ቀደም ሲል እንደተባለው» ብሎ ያንኑ ይደግማል። ይሄ አክብሮት ነው፣ እኔም አክብሮቱ እንዲጠፋ አልፈልግም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ገልብጡት። በሥራ ዘመን አዲስ የሆነ ይጀምር፣ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ፣ ሰብሳቢው ይዝጋ። ትልልቆቹ ይህን አይቃወሙም። የሽማግሌ ወግም ቢሆን የሁሉን ሰምቶ መጨረሻ ላይ መናገር ነው፤ ክብሩ አይነካባቸውም።

ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያው ምላሻችሁ ነው። አንድ ሰው «ይሄ ቁጥር ልክ አይመስለኝም» ሲል ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ለቀጣዩ ዓመት ሙሉ ይሠራል። «ማነው የሠራው?» ካላችሁ አለቀ፤ ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። «እስቲ አሳዪን፣ የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብትሉ ሌላው ሰውም የያዘውን ያወጣል። ትክክል ባይሆን እንኳ «ደግ አደረግሽ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» በሏት፤ ቀጥላችሁ ለምን ልክ እንደሆነ አስረዷት። በደንብ ጠይቃ የተሳሳተችውን ሰው ሰዉ ፊት ካሳፈራችሁ፣ ሌላ ጊዜ በደንብ ጠይቆ ትክክል የሆነውን ሰው ነው የምታጡት።

«ግምገማ» የምትለዋን ቃል ከዚህ ስብሰባ አስወጧት። የማይካድ ነው፣ ግምገማ ሲባል ሰው ሁሉ ራሱን ሊከላከል ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ከተጠቀማችሁባት የምትሰሙት መከላከያ ነው። ለሰው ምዘና ሌላ ቀን ያዙ። የሥራው ምርመራ ብቻውን ይሁን፣ አጀንዳው ላይም በግልጽ ጻፉት።

ፊት ለፊት መናገር ፈጽሞ የማይሆንለት ሰውም አለ። ለእሱ ወረቀት ስጡት።

እኔ ብቻ የማውቀው ምንድን ነው?

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው እዚህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ጋሮልድ ስታሰር እና ዊልያም ታይተስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን ከፍለው ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት ከዕጩዎች አንዱን እንዲመርጡ አደረጉ። ስለ ዕጩዎቹ ያለውን መረጃ ከፊሉን ለሁሉም፣ ከፊሉን ደግሞ ለየብቻ በተናቸው። ሁሉም የያዘውን ቢያወጣ ኖሮ የተሻለው ዕጩ ግልጽ ነበር። አላወጡትም። ሲወያዩ የቆዩት ሁሉም በሚያውቀው ነገር ላይ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ተደብቆ ቀረ። የሚገርመው ማንም ሆን ብሎ አልደበቀም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሲነሳ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ ተናጋሪው ደስ ይለዋል፣ ይቀጥላል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሲነሳ ዝም ይባላል። ከዚያ ያልፋል።

ጎንደር ደግሞ የየሙያውን እውቀት በቡድን ለማገናኘት እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስ እና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ነበር፤ ዓላማው ሦስቱ በአንድነት ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲሠሩ ነው። ዛሬም የጤና ተማሪዎች ከየሙያው ተሰባጥረው አብረው የሚወጡበት የቡድን ሥልጠና አለ፤ ብዙዎቻችሁ ቲቲፒ ብላችሁ ነው የምታውቁት።

የእንዲህ ዓይነት ቡድን ጥቅም ምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው። እንበል አንድ ቀበሌ ውስጥ የሕፃናት ተቅማጥ በዛ። ላብራቶሪው ሰገራ ውስጥ ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ በብዛት እያየ ነው። ነርሷ እናቶቹ የሚመጡት ከአንድ ጎጥ መሆኑን ካርድ ስታወጣ አስተውላለች። የአካባቢ ጤና ባለሙያው ደግሞ የዚያ ጎጥ ምንጭ አጥሩ ፈርሶ ከብት እየገባበት መሆኑን በመንገድ ሲያልፍ አይቷል። ለየብቻቸው ሦስቱም ተራ ነገር ናቸው። ላብራቶሪው መድኃኒት ይታዘዛል ብሎ ያልፋል፣ ነርሷ መንደሩ ቅርብ ስለሆነ ነው ብላ ታስባለች፣ ባለሙያው አጥሩን በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ያስገባዋል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ግን ምንጩን ዛሬ ማጠር እንዳለባቸው ያውቃሉ። ይህን እውቀት ማንም ይዞት አልመጣም፤ እዚያው ነው የተፈጠረው።

እንግዲህ የሚደረገው ይሄ ነው። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ሰው ብጣሽ ወረቀት አድሉ። አምስት ደቂቃ ዝም ተብሎ ይጻፍ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስለዚህ ጉዳይ እኔ የማውቀው፣ ሌላው የማያውቀው የሚመስለኝ ምንድን ነው?» ከዚያ በየተራ ይነበብ። እስኪነበብ ድረስ ክርክር የለም፣ መልስ የለም፣ ራስ መነቅነቅም ባይኖር ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ሰዉ «እኔ የተለየ የማውቀው የለም» ይላል። ሾፌሩን፣ መዝገብ ቤት ያለችውን ሴትዮ፣ ዘበኛውን ጨምሩበት፤ እነሱ ተናግረው ሲጨርሱ ሌላውም የሚለው ያገኛል። ሾፌሩ የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚቆረጥ ያውቃል። ዘበኛው ተገልጋይ ስንት ሰዓት ተሰልፎ ስንት ሰዓት ተስፋ ቆርጦ እንደሚሄድ ያውቃል። ሪፖርታችሁ ላይ ሁለቱም የሉም።

ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በቡድን ሥራ ግን ዝምታው የሚጎዳው ዝም ያለውን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ነው።

እጅ የሚያውቀውን በቅጽ አትጠይቁ

አንዳንድ እውቀት አፍ የለውም። ፋሲል ግቢን ለመጠገን የተሰማራ ቡድን አስቡ። መሐንዲስ አለ፣ የታሪክ ባለሙያ አለ፣ ግንበኛ አለ። ግንቦቹ የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው፤ ለጥገናም በኖራ መሥራት የሚመረጠው ሲሚንቶ ድርቅ ያለና እርጥበት የሚያፍን ስለሆነ ከአሮጌ ግንብ ጋር ስለማይስማማ ነው። አሁን ለዕድሜ ጠገቡ ግንበኛ ቅጽ ስጡት፦ «የኖራውን ውሕደት ሂደት በዝርዝር ግለጽ።» ሁለት መስመር ይጽፍላችኋል። «ኖራ፣ አሸዋ፣ ውኃ፤ በደንብ ይቦካል።» አልዋሸም፣ አልደበቀምም። መቼ እንደደረሰ የሚያውቀው በእጁ ነው፤ ቆንጥሮ ያነሳዋል፣ በጣቱ መሃል ይጫነዋል፣ «ገና ነው» ይላል። ምንድን ነው ገና የሆነው? እሱም ወዲያው አይነግራችሁም።

ጃፓናዊው ኢኩጂሮ ኖናካ እና ባልደረባው ሂሮታካ ታኬዩቺ በሰፊው ያጠኑት ይህንን ነው። የሚተርኩት የታወቀ ታሪክ አላቸው። ማትሱሺታ የተባለው ኩባንያ የቤት ውስጥ ዳቦ መጋገሪያ ማሽን እየሠራ ነበር፣ ማሽኑ ሊጡን በትክክል ማቡካት አቃተው። ኢኩኮ ታናካ የምትባል የሶፍትዌር ባለሙያ ኦሳካ ኢንተርናሽናል ሆቴል ሄዳ ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ሥር ሙያ ልትማር ገባች። እያየችና አብራ እያቦካች ቆይታ ሰውዬው ሊጡን ሲለጥጥ እግረ መንገዱን እንደሚጠመዝዘው ደረሰችበት። እሱ ራሱ እንዲህ ብሎ አልነገራትም። ከዚያ መሐንዲሶቹ ማሽኑ ውስጥ ያንን እንቅስቃሴ የሚፈጥር ነገር ጨመሩ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ማሽኑ ገበያ ወጣ።

ከዚህ የሚወሰደው ዘዴ ቀላል ነው። የሚማረውን ሰው ወደሚያውቀው ሰው ላኩ፤ የምትልኩትም ነገሩን በኋላ የሚሠራበት ሰው ራሱ ይሁን እንጂ ሪፖርት ጸሐፊ አይሁን። አብሮ ይሥራ፣ እጁን ያቆሽሽ። አጠገብ ቆሞ «አሁን ምን አየህና ነው ገና ነው ያልከው?» ብሎ በሥራው መሃል ይጠይቅ፤ በሥራው መሃል ሲጠየቅ ነው ባለሙያ መልስ የሚያገኘው። መልሱን በስልክ ይቅዳ፣ ፈቃድ ጠይቆ። ማታ በራሱ ቃል ይጻፈው፣ በማግስቱ ለባለሙያው አንብቦለት ያሳርም። ከዚያ ሌላ ሰው ጽሑፉን ብቻ ይዞ ይሞክር፤ የት ላይ እንደሚሰናከል እዩ። የተሰናከለበት ቦታ ገና ያልተጻፈው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ባለሙያ ሙያውን የሚይዘው ስስታም ስለሆነ አይደለም። «ይህን ከሰጠኋቸው ነገ ለምን ይጠሩኛል?» ይላል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ ለሰጠበት ጊዜ ይከፈለው። ስሙ ሪፖርቱ ላይ ይውጣ፣ ከላይ፣ በግልጽ። አስተማሪ ተብሎ ይጠራ። እንጀራው ላይ አደጋ እየጣላችሁ እውቀቱን መጠየቅ ነውር ነው።

ልዩነቱን ከቃለ ጉባኤው አታጥፉት

አብዛኛው ቃለ ጉባኤያችን «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ብሎ ነው የሚያልቀው። ከስድስት ወር በኋላ ነገሩ ሲበላሽ ያን ጊዜ ማን ምን ፈርቶ እንደነበር የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ጎንደር ግን ከዚህ የተሻለ ልማድ በእጇ አለ። በአብነት ትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ እንዴት እንደሚሰጥ አስታውሱ። መምህሩ ንባቡን ይሰጣል፣ አንድ ፍቺ ይሰጣል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላውን፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይሰጣል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች ልዩነትም ተይዞ ነው ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የኖረው፣ ያውም አብዛኛው ለረጅም ዘመን በቃል። ተማሪው የሚወርሰው መልሱን ብቻ ሳይሆን የታሰበውን ሁሉ ነው።

ለቡድናችሁም እንዲሁ አድርጉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከውሳኔው ሥር ሦስት መስመር ጨምሩ፦ የወሰንነው፤ ሌላው የቀረበው ሐሳብና ምክንያቱ፤ ምን ብናይ ሐሳባችንን እንቀይራለን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። «እስከ ጥር መጨረሻ የተመዝጋቢ ቁጥር ካልጨመረ ሁለተኛውን እንሞክራለን» ብሎ የጻፈ ቡድን ጥር ሲደርስ መጣላት አያስፈልገውም፤ ወረቀቱን ያወጣል። የሐሳቡን ባለቤት ስም መጻፍ ግን በፈቃዱ ይሁን። ስሙ ከተጻፈ የሚፈራ ሰው ካለ ሐሳቡ ብቻ ይበቃል።

ቴሌግራም፣ ፋይል፣ ርክክብ

ስለ መሣሪያው ባጭሩ። ግሩፓችሁ ላይ «መልካም ቀን»፣ የበዓል ካርድ እና የሥራ ፋይል ተደባልቀው ከሆነ ለሁለት ክፈሉት። የሥራው ግሩፕ ላይ ውሳኔ ሲወሰን አንድ ሰው በአንድ መልእክት አጠቃሎ ከላይ ይሰካው። በግል መልእክት የመጣ የሥራ ጥያቄ ምስጢር ካልሆነ መልሱ ግሩፑ ላይ ይሰጥ፤ አንዱ የጠየቀውን ሌሎች አምስት ሰዎችም ሳይጠይቁት ሲቸገሩበት ነው የከረሙት። ፋይል በአንድ ሰው ፍላሽ ላይ ብቻ አይቀመጥ። የፋይል ስም ላይ ቀን ይኑር፤ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ የመጨረሻ» የሚል ስም ማንንም አይረዳም።

በረንዳውንና የቡናውን ሰዓት አትንኩ። እዚያ የሚወራው መልካም ነው፣ ሰዉ ልቡን የሚከፍተው እዚያ ነው። የምትጨምሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለሥራው የሚጠቅም ነገር ሲነሳ «ይሄን ሰኞ አንሺው፣ ካልፈለግሽ እኔ ላንሳው?» የሚል ሰው ይኑር። ያቺ ዳታ የምታስገባ ልጅ ያንን ጥያቄ ብትሰማ ኖሮ ጋሼ ያነሱላት ነበር፤ ቢያንስ እሳቸውን ማንም «በመጣህ በስንት ቀንህ» አይላቸውም።

ርክክብ ደግሞ ዝውውር ሲመጣ የሚደረግ የዕቃ ቆጠራ ብቻ ሆኗል። ወንበር ስንት፣ ላፕቶፕ ስንት፣ ማኅተም አለ የለም። የሚለቀው ሰው ከመሄዱ በፊት ከሚተካው ጋር ቢያንስ አንድ ሳምንት አብሮ ይቀመጥ። ተተኪው ገና ካልተመደበ ከቡድኑ አንዱ ይቀመጥ። ዕቃው ከተቆጠረ በኋላ እነዚህን ጠይቁት፦ ሥራው ሲከብድህ ማን ጋ ትደውላለህ? የትኛው ፋይል ላይ ያለው ቁጥር አይታመንም? ጀምረህ ያልተሳካልህ ምንድን ነው፣ ለምን አልተሳካም? የምትለቀው ሴት ከሆነች ያው ነው። መልሱን እዚያው ጻፉና ሁለቱም ይፈርሙበት፣ አንድ ቅጂ ከዕቃው ዝርዝር ጋር በአንድ ፋይል ይታሰር።